ውሃ የሚጠማው ቤንዚን

በነዳጅ ዴፖው ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ሐኪሟ» ነበር የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ጠዋት ጠዋት ከታንከሩ ሥር በብልቃጥ ናሙና ቀድታ፣ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስትመለከት ባየ ቁጥር «ይኸው፣ ሐኪሟ የሽንት ምርመራዋን ጀመረች» እያለ ግቢውን ያስቅ ነበር። ወሬ እግር አለውና ቦቴ የሚነዱት ሹፌሮችም ገና በሩን ሲገቡ «ሐኪሟ፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?» ይሏት ጀመር። እሷም ዓይኗን ከብልቃጡ ሳታነሳ «በሽተኛውስ ደህና ነው፤ እኔን ያሰጋኝ ጠያቂው ነው» ትላለች።

ሐኪምነቱን የጀመረችው በመጥረጊያ ነው። ወደ ግቢው የገባችው ቢሮ ልታጸዳ ነበር። ቤንዚንን ከአልኮል ጋር መቀላቀል ሲጀመር ዓይኑ ጥሩ የሆነ ትዕግሥተኛ ሰው ተፈለገና ፎርማኑ ወዲያና ወዲህ ሲያማትር ቆይቶ ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ። «ይቺ ሴት ወለል ላይ የወደቀች መርፌ ከበር ሆና ታያለች» አለ። ፎርማኑ ደህና ዋላችሁም ሲል የሚጮህ ሰው ስለሆነ ሙገሳ ይሁን ቁጣ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ግራጫውን የሥራ ልብስ ሰጥተዋት ስትለብስ እጆቿን ኪሱ ውስጥ ከትታ ዝም ብላ ቆመች። ኪስ ያለው የሥራ ልብስ ኖሯት አያውቅም ነበር።

ቤንዚኑ የሚመጣው ከሩቅ ወደብ ነው። አልኮሉ ከኮረብታዎቹ ጀርባ ካለው ስኳር ፋብሪካ ይመጣል፤ አገዳው ተጨምቆ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ አብላልተው፣ አፍልተው፣ እንባ የመሰለ ጥርት ያለ አልኮል ያወጡበታል። ሁለቱ የሚጋቡት እዚህ ዴፖ ውስጥ ነው። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ቤንዚን፣ አንዱ አልኮል። በመጀመሪያው ቀን ወጣቱ ኢንጂነር ታንከሩ ሥር አቁሞ አስረዳት። ትልቅ ሰው የሚያከብር፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ አልኮል ሁለት ወዳጅ አለው» አላት። «አንዱ ቤንዚን ነው፣ አንዱ ውሃ። ሁለቱ አንድ ቤት ከተገናኙበት ግን ውሃን ይመርጣል። ውሃ ከገባበት ቤንዚኑን ጥሎ ከውሃው ጋር ተቃቅፎ ወደ ሥር ይወርዳል። ከሥር የተኛውን ደግሞ ሞተር አያነድደውም። ስለዚህ ታንከሩ ደረቅ መሆን አለበት። የእርስዎ ሥራ እሱ ነው።»

ነገሩን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። በየማለዳው የረጅሙን ዘንግ ጫፍ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት እየቀባች ወደ ታንከሩ ሆድ ትሰዳለች፤ አውጥታም ታያለች። ደመና ሲጠቁር ማንም ሳያዛት መሰላሉን ወጥታ ክዳኖቹን ትፈትሻለች። ዝናብ ከጣለ ቅልቅሉ ይቆማል። ቫልቩን የምትከፍተው ሁሉም ነገር ደረቅ መሆኑን በዓይኗም በጣቷም ካረጋገጠች በኋላ ነው። ሥራዋን ትወደው ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ይመጣልኛል ብሎ ስለማይጠብቅ፣ ትንሽ ታፍርበትም ነበር።

በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው አንድ ወንድም ነበራት። እናታቸው ስትሞት ልጁ ገና ይድህ ነበር። አባታቸው ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እሷ ራሷ ልጅ ናት፤ ግን ልጅነቷን ማን ጠይቋት። ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ የሰው ልብስ አጠበች፣ የሰው ደጅ ጠረገች። ኋላ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሊያገባት ፈልጎ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ልጁን ግን ለዘመድ ስጪው አላት። «እግር ያውጣና እናያለን» አለችው። ልጁ እግር ሲያወጣ ዳቦ ጋጋሪው የሦስት ልጆች አባት ሆኖ ነበር። ይህንን ለወንድሟ ነግራው አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ወንድሟ አድጎ ባለጀልባ ሆነ። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት፤ ሆስፒታሉና ትልቁ ትምህርት ቤት ያሉት በዚህ በኩል ስለሆነ የማዶ ሰው ሁሉ የሚሻገረው በጀልባ ነው። እሱም ከኋላዋ ሞተር የታሰረላት አንዲት ረጅም የእንጨት ጀልባ ነበረችው። ሳቂታ ነው። ተሳፋሪ ሲፈራ ቀልድ ይነግራል፣ ልጅ ሲያለቅስ የወፍ ድምፅ ያወጣል። እህቱን «እታለም» ነው የሚላት፤ ሚስቱም ከእሱ ለምዳ «እታለም» ትላታለች። ቤታቸው ከእሷ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ማታ ራት የሚበላው ከሁለቱ ቤት ሾርባው ቀድሞ በደረሰበት ነበር። ትንሿ ልጃቸው የቤት ሥራዋን የምትሠራው በአክስቷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አክስቷም ፊደል ቆጥራ ያልጨረሰች ብትሆንም አጠገቧ ተቀምጣ፣ እርሳስ በመቅረጽ ታግዛታለች።

ድብልቁ ቤንዚን ከዴፖው አልፎ ወደ ከተማዋ ማደያ ሲደርስ ወንድምዬው አንድ ማታ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ ጠየቃት።

«እታለም፣ ማደያው ላይ አዲስ ጽሑፍ ተለጥፏል። አልኮል ተጨምሮበታል ነው የሚለው። ለሞተሬ ይስማማዋል?»

«መኪናው ሁሉ እሱን ነው የሚቀዳው። በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ፤ እንደ ምንጭ የጠራ ነው።»

«እኔ የፈራሁት ሐይቁ መሀል ላይ ሰክሮ እንዳይዘፍንብኝ ነው።»

ሚስቱ ከምድጃው አጠገብ ሳቀች። «ምን ይደረግ፣ ባሌ አይጠጣም እያልኩ ስኮራ ሞተሩ ጠጪ ይሁን!»

ተሳሳቁ። እሷ ግን ነገር ችላ የምትል ሰው አልነበረችም። በማግስቱ ኢንጂነሩ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ በኮሪደሩ ሲያልፍ አስቆመችው። «ልጄ፣ ይሄ ቅልቅል ለሞተር ክፉ ነው እንዴ?» አለችው። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ «ምንም አይልም እትዬ፤ መኪና አምራቾቹ ራሳቸው ፈቅደውታል» አላትና አለፈ። እሷ ያለችው ሞተር ነው፣ እሱ የሰማው መኪና ነው። ማንም አልዋሸም። ማታ ግድግዳውን ቆርቁራ «ኢንጂነሩን ጠየቅሁልህ፤ ምንም አይልም አለ» አለችው። «ካልሽ እሺ» አለ ከወዲያ በኩል።

በበጋው በእርግጥም ምንም አላለ። የነዳጁ ጎማ ቱቦ አብጦ ተሰነጠቀ፤ «ድሮም ያረጀ ነው» ብሎ ለወጠው። ሞተሩ አልፎ አልፎ ያስለው ነበር፤ ካንዴላውን ጠርጎ መልሶ ይገጥመዋል። ሌሎቹ ባለጀልባዎችም እንደዚሁ ቱቦ ይለውጣሉ፣ ካንዴላ ይጠርጋሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይሻገራሉ። ሞተር መቼ ሳያስቸግር ኖሮ ያውቃል?

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የዚያ ዓመት ዝናብ እንደ ሌላው ጊዜ ጥሎ የሚያባራ አልነበረም፤ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ቀንም ሌሊትም ያፈሰዋል። ሐይቁ ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም ሆነ። መሻገሩ ቀረና ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረው ከረሙ። በወንድምዬው ጀልባ ውስጥም ሞተሩ የሚጠጣበት ጀሪካንና ለመጠባበቂያ የሚይዛቸው ሁለት ጀሪካኖች ግማሽ ግማሽ ቤንዚን እንደያዙ፣ ሸራ ተጥሎባቸው፣ እዚያው እርጥበት ውስጥ ሰነበቱ። እንደ ድሮው ነው ያስቀመጣቸው። ድሮ ምንም ሆነው አያውቁም።

አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ብቅ አለ። ማዶ ዝናብ ያገዳቸው በሽተኞች፣ ተማሪዎችና ነጋዴዎች በአንድ ጊዜ ወደ ጀልባ መቆሚያው ወረዱ። ወንድሟ ግማሽ በነበሩት ጀሪካኖች ላይ አዲስ ቤንዚን ሞላና ሄደ። እሷ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ለቀናት ቆሞ የነበረው ቅልቅል ሊጀመር ነው። ዘንጉን ወደ ታንከሩ ሰድዳ አወጣች፤ ቅባቱ ቀለሙን አልቀየረም። ደረቅ ነው። ቫልቩን ከፈተች።

ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ወደ እሷ ሲመጣ አየችው። ሁልጊዜ ከሩቅ ተጣርቶ የሚያዝ ሰው፣ ግቢውን አቋርጦ እስከ አጠገቧ ድረስ በእግሩ መጣ። ቆቡን አወለቀ። «ሐኪሟ፣ ልብስሽን ቀይሪ» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ልትሰማው ጎንበስ አለች። «ወደ ሐይቁ እወስድሻለሁ።» ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ያ ሰው በቀስታ ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያ ብቻ በቃት።

የሆነውን የነገረቻቸው ከተሳፋሪዎቹ መሀል የተረፈች አንዲት አትክልት ሻጭ ናት። ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ጥርሶቿ እየተንገጫገጩ። ከማዶ ተነስተው ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ቆመ። ባለጀልባው ሳቀ። «አንዴ ትንፋሹን ይሰብስብ፣ እናንተም ሰብስቡ» አላቸው። ገመዱን ጎተተ፤ ተነሳ፤ ጠፋ። ጎተተ፤ ጠፋ። ጀሪካኑን ለውጦ ሞከረ፤ ያው ሆነ። መዳፉ እስኪደማ ጎተተ። በዚህ መሀል ነፋሱ ተነሳ። ሞተር የሌላት ጀልባ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ ያለው መቅዘፊያ አንድ ብቻ ነው። ውሃው መግባት ሲጀምር መሳቁን ተወ። ሁለቱን የመጠባበቂያ ጀሪካኖች እያጣደፈ ሐይቁ ውስጥ ደፋቸው፤ ክዳናቸውን ባለ በሌለ ኃይሉ አጥብቆ ዘጋና እንዲንሳፈፉበት አንዱን ለእሷ፣ አንዱን መዋኘት ለማይችል ተማሪ ሰጠ።

«ለራሱስ?» አለች ሚስቱ።

«ለራሱ ምንም አልያዘም» አለች አትክልት ሻጯ። «እኔ እችላለሁ ነው ያለው። ጀልባዋ ስትገለበጥ አብራን የተሳፈረችውን ባልቴት ሊይዝ ሲመለስ አየሁት። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

አስከሬኑ የተገኘው በማግስቱ ነው። ባልቴቷም አብራው ነበረች። ከተሳፋሪው ግማሹ አልተመለሰም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ተረት ሐኪሟ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ይለዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ሰው አፍ ላይ ስትሰማው ተነስታ ትወጣ ነበር።

ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ሄደ። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭናለች፣ ነጂው ሰማዩን ሳያይ ወጥቷል ተባለ። ሰው ሲሞት ጥፋቱ አብሮት ይቀበራል ይባላል፤ የእሱ ግን ተቆፍሮ ወጣ። የአንዱ ሟች ተማሪ አባት ወደ ሟቹ ቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ይጮሃል ብለው ጠበቁ። «የልጄን እጅ ይዤ ጀልባው ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሱ ነበር የሰጠሁት» አለና ተመልሶ ሄደ። ሚስትየዋ ቀኑን ሙሉ ያንን በር ስታይ ዋለች።

የለቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ አትክልት ሻጯ ጀሪካኑን ይዛ መጣች። ልጄን ያተረፈ ዕቃ ነው፣ ቤቴ ላስቀምጠውም ልጥለውም አልቻልኩም አለች። የተቀበለቻት ሐኪሟ ነበረች። ጀሪካኑን ስታነሳው ከውስጥ የሆነ ነገር ተንቦጫረቀ። ተጣድፎ ሲደፋው ከሥሩ የቀረ ነው። ክዳኑ በእጅ አልከፈት ብሎ ከጎረቤት ግንበኛ ጉጠት ተዋሰች። ለምን እንደከፈተችው ቢጠይቋት አታውቅም፤ እጇ የለመደው ሥራ ስለሆነ ነው። ወደ ብልቃጧ ቀዳችው። መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች።

ፈሳሹ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቢጫው ቤንዚን ስስ ሆኖ ተንሳፈፈ። ከሥሩ ውሃ የመሰለ፣ ጥርት ያለ ነገር ተቀመጠ፤ በመሀላቸው በክር የተሰመረ የሚመስል ድንበር። አሸተተችው። አልኮል አልኮል ይላል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እዚያ ተቀምጣ ሳለ መሸ፤ መብራት ሳታበራ።

እሷ ለታንከሩ ስትጠነቀቅ ኖራለች። ዝናብ ጠብ ሲል መሰላል ላይ የምትወጣ ሴት ናት። ወንድሟ ግን ኑሮው ውሃ ላይ ነው፣ ዕቃው ውሃ ላይ ነው፣ ክረምቱን ያሳለፈው ውሃ ላይ ነው፤ እና አንድም ቀን፣ አንዲት ደቂቃ፣ ሁለቱን ነገር አገናኝታ አላሰበችም። የምታውቀውን ነገር በሥራ ሰዓት አውቃ፣ ማታ ከሥራ ልብሷ ጋር ሚስማር ላይ ሰቅላው ትገባ ነበር።

ብልቃጡን ሽንት ቤት ደፍታ ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን ወንድሟን ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ እያለው ነው። በነጋታው ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው ቤት ገብታ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የወንድሟ ሚስት የልጇን ፀጉር ትሠራ ነበር።

«ጭነቱ አይደለም የገደለው» አለቻት። «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ተለያይቷል። ሞተሩ ሲጎትት የኖረው ከሥር ያለውን ነው። መቶ ጊዜ ገመድ ቢጎትት አይነሳም ነበር።»

ሚስትየዋ ብልቃጡን አላነሳችውም። «ይህን ነገር ታውቂው ነበር?» አለች።

«አልኮሉ ውሃ እንደሚወድ አውቅ ነበር። ሥራዬ ነው።»

«እሱ ሲጠይቅሽ ግን ምንም አይልም አልሽው።»

«አልኩት። ኢንጂነሩን ጠይቄ…»

«ኢንጂነሩን አያውቀውም። የሚያውቀው አንቺን ነው። አንቺ እሳት ውስጥ ግባ ብትይው ይገባ ነበር፤ እንኳን ቤንዚን ቅዳ ብለሽው።»

ልጅቷ አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ብቻ ከአንዷ ወደ አንዷ ታያለች። ሚስትየዋ የልጇን ፀጉር ቋጥራ ጨረሰች፤ ማበጠሪያውን አስቀመጠች፤ ተነስታም በሩን ከፈተች።

«እንግዲህ እረፍት ላድርግ» አለች። «ይሂዱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ነው ያለቻት። ስድብ ብትሰድባት ይሻላት ነበር፤ ስድብ የቤት ሰው ነገር ነው። «እታለም» የሚላትም ሰው ከዚያ በኋላ ጠፋ።

ብልቃጡን ለኢንጂነሩም አሳየችው። ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፤ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። «የሐይቁ ውሃ ኋላ ገብቶበት ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ። ክዳኑን በጉጠት እንደከፈተችው ነገረችው። እሱም «እትዬ፣ ጀልባ የሚባል ነገር ማናችንም አላነሳንም» አለ። «በስብሰባው ላይ ስለ መኪና ብቻ ነው የተወራው። እኔ ራሴ ከዚህ መስኮት ሐይቁን እያየሁ ነው የምውለው።» የቻለውን አደረገ፤ ለበላይ አሳወቀ። ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ፤ ነዳጁ ከዴፖው ሲወጣ ደህና ነበር፣ ከማደያው ወዲያ ያለው አያያዝ የተጠቃሚው ነው የሚል። ይህንን ሲነግራት ፊቷን ማየት አልቻለም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አጥፍቶ ነው፣ ጠይቆ ነው፣ አላወቀችም።

ከዚያ ወደ ጀልባ መቆሚያው ወረደች። ባለጀልባዎቹን ሰብስባ ድብልቁን ቤንዚን በብልቃጥ ይዛ ውሃ ጠብ አደረገችበት፤ ነቀነቀች፤ ሲለያይ አሳየቻቸው። እጃቸውን አጣጥፈው አዩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ባለጀልባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገባን የኔ ልጅ» አሉ። «ወንድምሽን ነፍስ ይማር፤ እሱ ጥፋት እንደሌለበት እኛ መጀመሪያም እናውቃለን። ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄን ካልቀዳን የቱን እንቅዳ?»

ማደያው አንድ ነው። የሚሸጠውም አንድ ዓይነት ነው። የቀላቀለችው ደግሞ እሷ ናት።

«ጀሪካን ውስጥ አታሳድሩት» አለች። «ከሥሩ እያጠለላችሁ ድፉ።»

«እንደፋለን» አሉ ሽማግሌው፤ ልጅ ሲያባብሉ እንደሚናገሩት ለስለስ አድርገው። ሌላው ባለጀልባ ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። በዚያው ሰዓት ተሳፋሪ መጣ፤ ሰዎቹ ተነስተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እሷ ብልቃጧን ይዛ እዚያው ቆመች። የተሳፋሪዎቹን ፊት እያየች ነበር፤ አንዷ ሴት ሰላምታ የሰጠቻት መስሏት በእጇ አጸፋ መለሰችላት።

ሥራውን ልተወው ብላ ለፎርማኑ ነግራው ነበር። «አንቺ ብትሄጂ ታንከሩ አይቆምም» አላት። «ነገ ሌላ ሰው ይቆምበታል፤ ያ ሰው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ መሰላል ላይ ላይወጣ ይችላል።» እውነቱን ነው። ደግሞም ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እናትና ልጅ የሚበሉት ከእሷ ደመወዝ ነው። ዳቦውንና ዘይቱን ገዝታ ለጎረቤት ትሰጣለች፤ ጎረቤቷ ይዛ ትገባለች። ሚስትየዋ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ልጅ ስላላት አልመለሰችውም። እና ሐኪሟ በየማለዳው ግራጫ ልብሷን ለብሳ፣ ዘንጉን ቀብታ፣ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ ታነሳለች። ጥርት ያለ ነው። ቫልቩን ትከፍታለች። የቧንቧ ሠራተኛው ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። ሹፌሮቹ ስለ በሽተኛው መጠየቅ ትተዋል። አንዳንዴ ቀልዱን መልሰው በጀመሩልኝ ትላለች፤ ቢጀምሩት ደግሞ እንደማትችለው ታውቃለች።

ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ የልጅቷ ድምፅ ይሰማታል፤ ጮክ ብላ ታነባለች። አንድ ቃል ላይ ስትደናቀፍ ሐኪሟ ከወዲህ ሆና ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ልጅቷ ቃሉን ስታልፈው ትተነፍሳለች። ግድግዳውን ለመቆርቆር እጇን ያነሳችበት ቀን ብዙ ነው።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ጎረቤቷ መጥታ ነገረቻት። እናትና ልጅ ወደ ማዶ፣ ወደ ሴትየዋ እናት ዘንድ ሊሄዱ ነው። ለሁልጊዜ ነው። ሐኪሟ ከሥራ አስፈቅዳ ጀልባ መቆሚያው ላይ ቀድማቸው ደረሰች። ሻንጣቸው አንድ ነው፣ ሌላው በጨርቅ የታሰረ ነው። ሚስትየዋ ስታያት አልደነገጠችም፤ «ደህና ዋሉ» አለቻት። ልጅቷ ወደ አክስቷ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እናቷ እጇን እንደያዘች አልለቀቀችም፤ ልጅቷም እርምጃውን ወደ ኋላ መለሰችው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለች ሐኪሟ። «በዝናብ ሰሞን እንዳትሻገሪ። ልጅቷንም እንዳታሻግሪ።»

«እናውቃለን» አለች ሚስትየዋ። «አሁንማ ሁላችንም እናውቃለን።»

የሚያሻግሯቸው ሽማግሌው ናቸው። ሐኪሟ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብላ በዝግታ «አባቴ፣ ከሥሩ ደፍተውታል?» አለቻቸው። «ደፍቻለሁ ልጄ» አሉ። ቀና ብለው አላዩአትም፤ እውነት ይሁን ውሸት መለየት አልቻለችም። ገመዱን ሁለቴ ጎትተው አስነሱት።

ጀልባዋ እያነሰች ሄደች። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀመጠችው፤ እናቷ ናት እንዲያ ያስቀመጠቻት። ሐኪሟ ዓይኗ ማየት ሲያቅተው በጆሮዋ ተከተለቻቸው። ድምፁ ሳሳ፣ ቀጠነ፣ ነፋሱ መሀል ገባ፣ ከዚያ ጠፋ። ርቆ ነው የጠፋው ወይስ ቆሞ ነው? መሬት ላይ የቆመ ሰው ያንን ማወቅ አይችልም። እዚያው ቆማ ዋለች። ሰዎች መጡ፣ ተሳፈሩ፣ ወረዱ፤ ማንም ምን ትጠብቂያለሽ አላላትም።

ሽማግሌው የተመለሱት በማግስቱ ነው። ዴፖው በር ላይ መጥተው አስጠሯት።

«በሰላም ደርሰዋል» አሉ። «ልጅቷን ትንሽ አስመለሳት እንጂ ደህና ናት።»

«የላኩልኝ ነገር አለ?»

ሽማግሌው ቆባቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ውሸት ሊፈልጉላት ሞክረው ነበር፤ ግን ያን ያህል ውሸት አዋቂ አልነበሩም።

«የለም» አሉ።

አመሰገነቻቸው። እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ቦቴ ገብቶ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነበርና ወደ ቫልቯ ተመለሰች።